ከስልሳው ነጥብ አርባ አንዱ

ጥቅምት 12 ቀን

ይድረስ ባሕር ማዶ ላለሽው ለእህቴ ልጅ፣ ለለፍላፊዋ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔም ባለቤቴ እትዬሽም፣ የኔ ጉልበት ሲቀር፣ ሁላችንም ደህና ነን። ፈጣሪ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የያዝሽው ሁሉ ይቅናሽ።

ይኸውልሽ፣ የደን ቆጠራው አለቀ። በመሥሪያ ቤትሽ «ደኑን የሚያውቀው ጠባቂው ነው፣ ጠባቂው ይለካ» ብለሽ ያስወሰንሽው አንቺ እንደሆንሽ ኃላፊያችን በስብሰባ ላይ ሲናገር ሰማሁ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ቀን ሙሉ አንገቴ ረዝሞ ሰነበተ። እናትሽ በወረቀት ቢቆጠር የአክስቴ ልጅ ናት፤ እኔ ግን የማውቃት በእህትነት ነው፤ ይህን ሳትሰማ ማለፏ አንጀቴን በላው።

አሠልጣኞች መጥተው ሦስት ቀን አስተማሩን። በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ሰጡን፤ በውስጧ ስልሳ ነጥብ ተሞልቶባታል። ነጥቡ ጋ ስትደርሺ ትጮኻለች። እዚያ ቆመሽ፣ ዙሪያውን በገመድ ከብበሽ፣ ክቡ ውስጥ ያለውን ትልልቅ ዛፍ ሁሉ ደረትሽ ላይ በሚደርሰው ከፍታ እየለካሽ ትጽፊያለሽ። ገመዱን የያዘልኝ ባልደረባዬ ቀውላላው ነው። ልጅ ሆነሽ «ዝናብ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው» ብለሽ ያሳቅሽብን ሰውዬ፤ አሁንም በር ሲገባ ይጎነበሳል።

መሣሪያዋ ግን ዓይን የላትም። አንዴ ገደል አፋፍ ላይ፣ አንዴ ራሰ በራ መሬት ላይ፣ አንዴ የተቃጠለ ቦታ ላይ ነው የምትጮኸው። ቢሆንም አታስቢ፤ በሰው ፊት አላሳፈርኩሽም። ወረቀቱ ሲደርስሽ ታይዋለሽ።

ከተመቸሽ ጭቃ የሚችል ቦት ጫማ ላኪልኝ፤ ቁጥሬ 43 ነው። ደግሞ ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ ጻፊልኝ። ቀውላላው በጠየቀኝ ቁጥር «ትልቅ ነገር ነው» እያልኩ ማለፉ ሰለቸኝ።

ጋሼሽ

ኅዳር 29 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ፤ እትዬስ እንደምን ናት? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ብርዱ ገብቷል። መስኮቴ ከአራተኛ ፎቅ ቁልቁል የባቡሩን ሐዲድ ያያል፤ ከጀርባዬ ያለው የማሞቂያ ቧንቧ ቀኑን ሙሉ እንደራበው ሰው ሆዱ ይጮኻል። እሱን እየሰማሁ ነው ስለ እናንተ ደን የምጽፈው።

ወረቀቶቹ ደርሰውኛል። የእጅ ጽሑፍዎን ሳይ ሳቅም እንባም መጣብኝ። ቦቱን ባለፈው ሳምንት ልኬያለሁ።

ቁጥሩ ለምን እንደሚፈለግ ላስረዳዎት። የአገራችን መንግሥት «ዘላቂ የደን አያያዝ» የሚል ፖሊሲ እያዘጋጀ ነው። ደኖቹ ሁሉ እንደ ጥግግታቸው በሦስት ደረጃ ይመደባሉ፤ እያንዳንዱ ደን በምን ዓይነት ደንብ እንደሚተዳደር በዚያ ይወሰናል። ጥናቱን እንዲያቀርብለት የቀጠረው የእኛን መሥሪያ ቤት ነው። የእናንተ ደን ላይ የምሠራው እኔ ነኝ።

አንድ ነገር አለ። ከሰማይ የተነሣ ፎቶ አለን። በፎቶው ላይ የእናንተ ደን መሐሉ ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ዳር ዳሩ ግን ገርጥቶ ይታያል። በእርስዎ ወረቀት ደግሞ ዳሩም መሐሉም እኩል ድፍን ያለ ነው። አለቃዬ የትኛውን እንመን ሲለኝ፣ ዘመዴ ነዎት አላልኩትም፤ ለኪውን አውቀዋለሁ፣ ቁጥር የሚያዛባ ሰው አይደለም ብቻ አልኩት። ፎቶውን ደመና ነክቶታል ብዬ ማስታወሻ አያያዝኩና የእርስዎን ቁጥር አሳለፍኩ።

ለነገሩ ያህል ልጠይቅዎት እንጂ፣ የቆሙት መሣሪያዋ የጮኸችበት ቦታ ላይ ነው አይደል?

ዕድሜ ይስጥልኝ፤
ልጅዎ

ጥር 18 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ብርዱን ቻይው፤ ሲያልፍ እንደ ሁሉም ነገር ያልፋል።

ቦቱ ደረሰ። 43 ያልኩሽ የጎረምሳነቴን ቁጥር ኖሯል፤ እግርም ከሰውዬው ጋር ያረጃል መሰለኝ አልገባም አለኝ። ለቀውላላው ሰጠሁት፣ ለእሱ ጭራሽ ጣቶቹንም አልያዘለትም። አሁን ኃላፊው አድርጎት ይዞራል፤ እኔን ባየ ቁጥር ቦቱን ወደ ኋላ ደበቅ ያደርጋል። ስጦታሽ ከፍ ያለ ቦታ ደርሷልና ደስ ይበልሽ።

እትዬሽ ሳል ይዟት ነበር፤ ተሻላት። ጓሮ ያለው ጎመን በብርድ ተመታ። ይህን ደብዳቤ ከተማ የሚያደርስልኝ የጽሕፈት ቤታችን ሾፌር በር ላይ ሞተሩን አስነስቶ ስለቆመ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ።

ያ ደረጃ የምትዪው እንደ ትምህርት ቤት ነው አይደል? አንደኛ መውጣት መቼም የሚያኮራ እንጂ የሚጎዳ አይሆንም። የኛ ስንተኛ ወጣ? ለሌላው ለጠየቅሽኝ ሁሉ መልሱ ደህና ነው።

የዝናብ ካፖርት ካገኘሽ፣ ካፖርት እንኳ ቁጥር አያስቸግርም።

ጋሼሽ

የካቲት 20 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬን እንኳን ማራት በሉልኝ። በቦቱ ነገር ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ሰው አየኝ።

ሰነዱ ጸደቀ። ደናችሁ አንደኛ ደረጃ ወጥቷል።

ነገሩ ግን እንደ ትምህርት ቤት አይደለም። ሦስተኛ ደረጃ ማለት የተጎዳ ደን ነው፤ እስኪያገግም አሥራ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ማንም አይነካውም። ሁለተኛው ለደረቅ እንጨት ብቻ ይፈቀዳል። አንደኛው ጥቅጥቅ ያለው ነው፤ እሱ እየተመረጠ ይቆረጣል፣ ከአሥር ትልልቅ ዛፍ ሦስቱ። ይህን ብዙ አገር ሞክሮታል፤ በልኩ ከተቆረጠ ብርሃን ገብቶ ሥር ያለው ችግኝ ያድጋል፣ ከሽያጩም ለአካባቢው ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ይሠራል። ሰባቱ ይቀራሉ። ተጠንቶ የተወሰነ ስለሆነ አይፍሩ።

በሪፖርቱ ምስጋና ገጽ ላይ «የደኑ ጠባቂዎች» የሚል አለ። እርስዎን ማለቴ ነው። ካፖርቱን በዚሁ ልኬአለሁ።

ልጅዎ

መጋቢት 6 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ትናንት ማታ ደረሰኝ፤ ሌሊቱን ቁጭ ብዬ አነጋሁት።

መጀመሪያ ሳልፈራ ልንገርሽ፤ ከስልሳው ነጥብ አርባ አንዱ ላይ አልቆምኩም።

ውሸት ልጽፍ ብዬ አይደለም። አንድም ዛፍ ከሌለበት ፈጥሬ አልጻፍኩም፤ የጻፍኩት ሁሉ የለካሁት ዛፍ ነው። ግን መሣሪያዋ ባዶ ቦታ ላይ ስትጮህ፣ ይህን ይዤ ምን ልልክ ነው አልኩ። የመጀመሪያ ቀን ነው፤ ሰሜኑ ዳር፣ ከብት የጨረሰው ሜዳ ላይ ቆመን ቀውላላው «ጋሼ፣ እዚህ ምን ይለካል? አንድ ቁጥቋጦ ነው ያለው» አለኝ። እኔም «ለእንግዳ የተቀደደውን ብርድ ልብስ ነው እንዴ የምታወጣው?» አልኩት። ወደ መሐል ገባን፣ ደህናው ጋ ለካን። ሁለተኛውም እንዲሁ ሆነ። ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። የዛፍ ቆጠራ ከተባለ ዛፍ ያለበት ይቆጠራል እንጂ ባዶ መሬት ማን ይቆጥራል የሚል ነገርም ነበረኝ። አሠልጣኙ «የትም ቢጮህ እዚያው ቁሙ» ማለቱን አልረሳሁትም። ለእሱ ሥርዓት መሰለኝ፣ ለእኔ ደግሞ ነውር መሰለኝ።

ደግሞ አለ ሌላም። ያ ባዶ መሬት ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቅኩት ነው። እሱን በእጄ ጽፌ፣ በስሜ ፈርሜ፣ አንቺ በተቀመጥሽበት ጠረጴዛ ላይ ሊዘረጋ ነው። «ይህ ነው ዘመድሽ የጠበቀው?» ቢሉሽስ? የቀረውን አንቺ ራስሽ ጨርሽው።

በኅዳር የጠየቅሽኝን ያኔ አልመለስኩም። ሾፌሩ አልቸኮለብኝም ነበር።

አሁን ግን ቁም ነገሩን ስሚኝ። ይህ ደን ከአሥር ሦስት የሚነሣለት ደን አይደለም። ለአሥራ አምስት ዓመት የሚዘጋው ነው። እባክሽ ያንን ወረቀት ቅደጂው። ቅጣት ካለው በእኔ ላይ ይሁን። ምንም አትላኪልኝ፤ ይህን ብቻ አድርጊልኝ።

ጋሼሽ

ሰኔ 17 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ የደረሰኝ በሚያዝያ መጀመሪያ ነበር። ሦስት ጊዜ መልስ ጀምሬ ሦስቱንም ጣልኩት። ይቅር ይበሉኝ።

ያንን ወረቀት መቅደድ የምችል ሰው አይደለሁም። ሰነዱ ከጸደቀ በኋላ የእኛ አይደለም። ደብዳቤዎ በደረሰኝ በነጋታው አለቃዬ ቢሮ ገብቼ ነገርኩት። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ ሻይ አስመጣልኝ፣ እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ለማረም ምን እንደሚያስፈልግ ነገረኝ፤ የለኪው የእጅ ፊርማ ያለበት ማመልከቻ፣ የአካባቢው ደን ጽሕፈት ቤት ማኅተም፣ ከዚያ ሰነዱን ላጸደቀው ኮሚቴ። ኮሚቴው በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚሰበሰበው። እስከዚያ ቆረጣው ይቁም ብዬ ጻፍኩ፤ ቆረጣ የሚያስቆመው ሌላ መሥሪያ ቤት ነው ተባልኩ። ለዚያኛው ጻፍኩ፤ ጥናቱን ያወጣው ክፍል ይጠየቅ አሉ። ጥናቱን ያወጣው ክፍል እኔ ነኝ።

አሁን የኔን ልንገርዎት። ፎቶው ላይ ደመና አልነበረም። ጥርት ያለ ፎቶ ነበር፤ ዳሩ ባዶ እንደሆነ ሕፃን ልጅ ያየዋል። እኔም አይቼዋለሁ። ግን ከእርስዎ እጅ ጽሑፍ ጎን ሳስቀምጠው ፎቶውን ማመን አፈርኩ። ጋሼ እንደዚህ ጽፎ ፎቶ ምን አባቱ ያውቃል አልኩ። ሌላ ለኪ ቢሆን ኖሮ በዚያው ቀን እመልሰው ነበር። ስለዚህ ቅጣቱን ብቻዎን አይውሰዱት።

ማመልከቻውን ፈርመው፣ ማኅተም አስመትተው በፍጥነት ይላኩልኝ። ቅጹን በዚህ ውስጥ አጥፌዋለሁ።

ልጅዎ

ሐምሌ 25 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ፈጣሪ በያለሽበት ይጠብቅሽ። ስለ ፎቶው የጻፍሽውን ለእትዬሽ አነበብኩላት። «አንተን ነው የመሰለችው» አለች። ታመስግንሽ ትንቀፍሽ አላወቅሁም።

ቅጹን ይዤ ኃላፊው ጋ ገባሁ። ቦቱን አድርጎ ነበር። አንብቦ ሲጨርስ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ቀስ ብሎ ነበር የተናገረኝ። ቆረጣው ከተሰረዘ የጤና ጣቢያው ግንባታ እንደሚቀር፣ ጨረታውን ያሸነፈው ድርጅት መሣሪያ ጭኖ መንገድ እንደጀመረ፣ እኔም ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት እንደቀረኝ አንድ በአንድ ቆጠረልኝ። በመጨረሻ «በፊርማህ ያጸደቅከውን በፊርማህ ልታፈርሰው ነው? እኔ ማኅተሜን አልነካም» አለኝ። አንድ ሳምንት ተመላለስኩበት። ጸሐፊዋ እኔን ስታይ «ወጥቷል» ማለት ለመደች፤ ጫማው በበሩ ሥር እየታየኝ።

ስለዚህ ፊርማዬ አለ፣ ማኅተሙ የለም። ቀውላላውም ምስክር ብሎ ፈርሟል፤ ስሙን ሁለት ጊዜ ጻፈው።

ሌላም ልንገርሽ። የሚቆረጠውን ዛፍ በቀይ ቀለም የሚያመለክት ሰው ያስፈልጋል። ደኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ተብሎ እኔው ታዝዣለሁ። ምን እንደማደርግ ምከሪኝ። እዚህ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ጋሼሽ

መስከረም 14 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

ጤናዎን ያብዛልኝ። ማመልከቻውን ያለ ማኅተም ለጊዜው ተቀብለውታል፤ የመዝገብ ቁጥር ወጥቶለታል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይታያል ተብሏል። መቼ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ በየካቲት አሉኝ።

ለኪው ዘመዴ መሆኑን ራሴ ስለተናገርኩ ከሥራው አንሥተውኛል። አሁን ምድር ቤት ነው ያለሁት፤ የድሮ ካርታ ነው የማደራጀው። ቅር አላለኝም፤ ሥርዓቱ ነው። ነገር ግን ፋይሉን ከዚህ በኋላ እኔ አላየውም፤ የመግቢያ ቁልፌ ያንን ፎቅ አይከፍትም።

ቀለሙን አይያዙ። እባክዎ ታመምኩ በሉ።

ልጅዎ

ታኅሣሥ 3 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ። መልስ ያዘገየሁት ታምሜ አይደለም። ታመምኩ ብዬ አራት ቀን ተኛሁ። በአምስተኛው ቀን ከከተማ የመጡ ሁለት ጎረምሶች ቀለሙን ይዘው እንደገቡና ያገኙትን ሁሉ እየቀቡ እንደሆነ ቀውላላው መጥቶ ነገረኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። እኔ ከያዝኩት የተጣመመውንና ልቡ የተበላውን አስቀድሜ፣ ዘር የሚጥሉትን እናት ዛፎች አተርፋለሁ ብዬ ነው። ስንቱን ያተረፍኩ ይመስልሻል?

ነገሩ የገባኝ በሦስተኛው ሳምንት ነው። እኔ ከአሥር ሦስት ሲሉ፣ ቆሞ ካለው አሥር ዛፍ ሦስቱን ይመስለኝ ነበር። እነሱ የሚቆጥሩት ከወረቀቱ ነው። ወረቀቱ ላይ፣ የስልሳው ነጥብ ቁጥር ለደኑ ሁሉ ሲባዛ፣ በጠቅላላው ሰማንያ ሺህ ትልልቅ ዛፍ አለ። ከዚያ ላይ ከአሥር ሦስቱ ሃያ አራት ሺህ ይሆናል። ቆሞ የነበረው እኮ ሠላሳ ሺህ ቢሞላ ነው።

የተጣመመው አለቀ፤ ደህናው ቀጠለ፤ የቀረው እናቶቹ ሆኑ። መጋዙ ከጠዋት እስከ ማታ ይጮኻል። እትዬሽ ጆሮዋን በሻሽ አስራ ነው የምትውለው። የቆረጣውን አለቃ ለመንኩት። ወጣት ነው፣ ሰው አክባሪ ነው፤ ተቀመጡ ብሎ ጉቶ ላይ አስቀመጠኝና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። «አባባ፣ እኔ የምቆርጠው ወረቀቱ ላይ ያለውን ነው። ወረቀቱ ደግሞ የእርስዎ ነው» አለኝ። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው፤ ቁጥሩን እንኳ አውቀዋለሁ።

ቀለሙ ከእጄ አልለቀቀም። በጋዝም ታጠብኩ።

አንቺን ከሥራሽ ማንሣታቸው ከሁሉም በላይ አሳዘነኝ። ምድር ቤት ማሞቂያ አለው?

ጋሼሽ

መጋቢት 22 ቀን

ለማከብርዎት ለጋሼ፤

እንደምን ከረሙ? ምድር ቤቱ ማሞቂያ አለው፤ ለእኔ አያስቡ።

ይህን ደብዳቤ እንዴት እንደምጀምረው አላውቅም፤ እንዲሁ ልጻፈው። ኮሚቴው ማመልከቻዎን ተቀበለው። አለቃዬ ራሱ ምድር ቤት ድረስ ወርዶ እንኳን ደስ ያለሽ ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሌላ ለኪ ቡድን ተልኮ ስልሳውም ነጥብ ላይ በትክክል እንደቆመ፣ ውጤቱም የእርስዎ ማመልከቻ እውነት መሆኑን እንዳረጋገጠ ነገረኝ። ደኑ ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ደረጃ ወርዷል። ለአሥራ አምስት ዓመት ይዘጋል፤ ሰው አይገባም፣ ከብት አይገባም፣ የወደቀ ጭራሮ እንኳ አይነሣም።

መቼ ለኩ ብዬ ጠየቅሁት። በየካቲት መጨረሻ አለኝ። ቆረጣው ካለቀ በኋላ ማለት ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ከዚያ «ቢያንስ አሁን መረጃው ትክክል ነው» አለኝ። ልጮህበት ፈለግሁ። «ወደ ሥራሽ» ሲለኝ ግን እሺ ብዬ ካርታዬን ማጠፍ ቀጠልኩ።

ያኔ ያቺን የደመና ማስታወሻ ባልጽፍ ኖሮ እያልኩ እውላለሁ። ምንም ላደርግልዎ አልቻልኩም፣ ጋሼ። የሚያስፈልግዎ ነገር ካለ ምንም ሆነ ምን ይጻፉልኝ።

ልጅዎ

ግንቦት 9 ቀን

ለእህቴ ልጅ፤

ክፉ አይይሽ፤ ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ። ስለ ማስታወሻዋ ራስሽን አትብዪ። አንቺ እኔን አመንሽ፣ እኔ አንቺን ላኮራ ፈለግሁ። ሌላ የሠራነው ነገር የለም።

የለኪዎቹ ቡድን መጥቶ ነበር። አብሬያቸው ዞርኩ። መሣሪያዋ ትጮኻለች፣ ይቆማሉ፣ ይጽፋሉ፤ ሥራው በሁለት ቀን አለቀ፤ የሚለካ አልነበረማ። ወንዙ እስካሁን ጭቃ ነው የሚያወርደው።

ሁለት ወረቀት ደረሰኝ። አንደኛው የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከእንግዲህ አንድ የተዛባ ሪፖርት ከጻፍኩ ያለ ጡረታ እሰናበታለሁ። ሁለተኛው የምደባ ደብዳቤ ነው፤ የጥብቅ ደኑ ጠባቂ ሆኛለሁ። አዲስ ሽቦ ታጥሯል፣ በር ተሠርቷል፣ ለእኔ የቆርቆሮ ማማ ቆሟል። ከማማው ላይ ሆኜ እስከ ማዶ ድረስ አያለሁ፤ ድሮ ከዚያ ቦታ ሃያ እርምጃ አይታይም ነበር። ቀውላላው ሌላ ቦታ ተዛወረ። ብቻዬን ነኝ።

ያለፈው ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰው ሽቦውን አልፎ ገብቶ አየሁ። ወርጄ ደረስኩበት። እትዬሽ ናት። ቆራጮቹ የጣሉትን ጭራሮ ሰብስባ አስራለች። ከተጋባን ጀምሮ ቤታችን የሚነድደው ከዚያው በሚለቀም ደረቅ እንጨት ነው፤ ሌላ ነገር ገዝተን አናውቅም። አዲሱን ደንብ ነግሬአታለሁ፤ ግን እሷ በጭራሮ ላይ ደንብ ይወጣል ብላ አላመነችኝም። አልሸሸችም። ሸክሟን መሬት አድርጋ አየችኝ። «ልትጽፈኝ ነው?» አለችኝ።

ሂጂ ማለት እችል ነበር፤ ከእኛ በቀር ያየ ማንም የለም። ማስጠንቀቂያውን ፈርቼ አይደለም ብልሽ እዋሻለሁ፤ ፈርቻለሁ። ግን እሱ ብቻም አይደለም። አንድ ጊዜ ላንቺ ብዬ፣ ለክብር ብዬ፣ ያየሁትን ትቼ ሌላ ጻፍኩ፤ የሆነውን አየሽ። ሁለተኛ እንደዚያ የሚጽፍ እጅ አጣሁ። ቅጹን አወጣሁ። የአጥፊው ስም ይላል፤ ስሟን ጻፍኩ። የተገኘበት ዕቃ፣ አንድ እስር ጭራሮ። ከጠባቂው ጋር ያለው ዝምድና፣ ባለቤቴ። ጣቷን በቀለም ነክራ ቅጹ ላይ አሳረፈች። ሸክሙን እኔ ተሸክሜ ጽሕፈት ቤት ድረስ ከኋላዬ ተከተለችኝ። እስከ ዛሬም አላናገረችኝም። ራት ታቀርባለች፣ ሳህኑን ታነሣለች።

ምንም ሆነ ምን ይጻፉልኝ ብለሽ ነበር። ለእሷ አንዲት የጋዝ ምድጃ ላኪላት፤ ትንሿ ትበቃለች። በእኔ ስም አትላኪው፣ በእሷ ስም አድርጊው። ለኮሚቴም፣ ለአለቃሽም፣ ስለ እኛ ለማንም ከእንግዲህ አትጻፊ፤ ይብቃን።

ለሐሙስ ፍርድ ቤት ተቀጥራለች። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ጋሼሽ